የቀማሁት ማር

ሚዛንና አማን የሚባሉት ከተሞች ገና ለየብቻ በሚጠሩበት ዘመን፣ አማን በሚገኝ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን ጋሽ ታደሰ ሁለት ትእዛዝ ሰጡኝ። "ለስኳር ምርመራ ቁርስ በልቶ የመጣውን መልሺ። የቀዳሽውን ደም ደግሞ ቶሎ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሪና ሴረሙን፣ ፈሳሹን ክፍል፣ ከሴሎቹ ለዪ፤ ከቆየ ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል፣ ውጤቱ ያንሳል።"

ሁለቱንም እንደ ሕግ ያዝኩ፤ የመጀመሪያውንማ አበዛሁት። የሚያላምጥ ሰው ካየሁ ከወረፋ አስወጣ ነበር። በሽተኞች ከኋላዬ "አስጿሚዋ" ይሉኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ከሸኮ የመጡ ቡና ገበሬ፣ አቶ ጴጥሮስ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማርታ ጋር ተሰለፉ። አቶ ጴጥሮስ ጠዋት ጠዋት ያልባቸዋል፣ ይደነዝዛሉ፣ የሚያውቁት ሰው እንኳ ይጠፋቸዋል። ወረፋቸው ሳይደርስ ወይዘሮ ማርታ ከነጠላቸው ጫፍ ብልቃጥ ፈትተው ማር ሲያልሷቸው ደረስኩ።

"ማር ልሰው ስኳር ሊለኩ?" አልኩና ብልቃጡን ቀማኋቸው።

"ልጄ፣ ሳይልስ በደንብ አይነቃም እኮ። ጎረቤት መንፈስ ነው ይላል። እኔ ግን ማር ሲቀምስ ሲመለስ አያለሁ።"

ሰበብ መሰለኝ። "ነገ ባዶ ሆድዎን ይምጡ" ብዬ አቶ ጴጥሮስን መለስኩና ማሩን መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጥኩ።

አማን ዘመድ ቤት አድረው በማግስቱ መጡ። ቃሌን አክብረው ምንም አልቀመሱም። ደም እንደቀዳሁ መብራት ጠፋ፣ ቱቦው ሳይሽከረከር ቆየ። መብራት ሲመጣ ለካሁት። ስኳሩ ሰው በእግሩ ሊቆምበት የማይችል ዝቅተኛ ቁጥር ነበር። "በመቆየቱ ነው" ብዬ ልደፋው ስል ከኮሪደሩ የወይዘሮ ማርታ ጩኸት ተሰማ።

አቶ ጴጥሮስ አግዳሚው ላይ ተዘርረዋል። ማሩን ይዤ ስሮጥ ተረኛው ሐኪም ያዘኝ። "ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ አይሰጥም፣ ይታነቃል። ግሉኮስ በደም ሥር ልንሰጣቸው ነው። ፈጥነሽ ደም ቅጂ።"

እንደገና ቀዳሁ፣ ወዲያው አሽከረከርኩ። ያው ቁጥር መጣ። ቱቦው አልዋሸም ነበር። ግሉኮሱ ሲገባ አቶ ጴጥሮስ ዓይናቸውን ገልጠው "ማርታ" አሉ። እኔ ዕቃ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ፤ በእጄ ልገድላቸው ነበር።

ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚባል አይወስዱም። በአልትራሳውንድ ሲታዩ ጉበታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ።

"ያው እንደ ቱቦሽ ነው" አለኝ ሐኪሙ። "ዕጢው ለማደግ ስኳሩን ይበላዋል። አንዳንዱ ዕጢ ደግሞ ጉበቱ ያጠራቀመውን እንዳይለቅ ያደርጋል። ሳይበሉ ሲያድሩ ጠዋት ባዶ ናቸው። ደግነቱ በጉበቱ አንድ ወገን ብቻ ነው፣ በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል።"

ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሲላኩ ማሩን ለወይዘሮ ማርታ መልሼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "መንገድ ላይ ከእጅዎ አይለይ" አልኳቸው።

በቀጣዩ የቡና ለቀማ ሰሞን ሁለቱም ተመልሰው መጡ። ዕጢው ወጥቷል። አቶ ጴጥሮስ ሳይጠየቁ ክንዳቸውን ዘረጉ። "ከማታ ወዲህ አልቀመስኩም፣ አስጿሚዋ። ዛሬ ማርታንም የቀሰቀስኳት እኔ ነኝ።"

ለካሁ። የጤነኛ ሰው ስኳር ነበር። ወይዘሮ ማርታ ብልቃጡን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። "በይ ያዢው፤ ከእንግዲህ እሱ አያስፈልገውም።"

ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። ለተተኪዎቼ የምለው ይህን ነው፤ በሽተኛን ጾመህ ና ከማለታችሁ በፊት፣ ሳይበላ ሲያድር ምን እንደሚሆን ጠይቁት። አብሮት የሚያድረውንም ሰው ጠይቁ።