የሶፋው ምስክር

ፀጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «ሬዲዮ» ይሉታል። መቀሱን ካነሣበት ጊዜ ጀምሮ ፎጣውን እስኪያራግፍ ድረስ አፉ አይዘጋም፤ ማጥፊያው የት እንዳለ ሚስቱ እንኳ አላወቀችም። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰሞን ደግሞ ባሰበት። «ነዳጅ ድሮ ቀረ!» ይላል፣ ምላጩን ሰው ጉሮሮ ላይ እንዳሳረፈ። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይከራከርም።

አንድ ነገር ግን አይናገርም፤ መኪናዋ የት እንደምትሞላ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ መኪናዋ የምታድረው ምድር። መጀመሪያ በመስኮት ረጅም ገመድ ለቀቀላት። በማግስቱ የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቱ የልጆቿን ካልሲ ደርድራበት አገኛት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ማስጫ አጥቼ ተቸግሬ ነበር» ስትለው ምን ይበላት? ገመዱን ሊሰበስብ እንኳ ካልሲው እስኪደርቅ ጠበቀ።

ከዚያ ወዲያ የቀረው መኪና መሸጫው ነበር። በሩ ላይ «ቻርጅ ማድረጊያችን ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቻርጀሩ ፊት ደግሞ ሪባን የታሰረላት፣ ለሽያጭ የቀረበች አዲስ መኪና ተገትራለች።

«ይቺን ዞር አድርግልኝ እስቲ» አለው ዘበኛውን።

«ቁልፏ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው።»

«እሱስ የት አለ?»

«ስብሰባ ላይ።»

ሥራ አስኪያጁ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። መኪና የሚገዛ የሚመስል ሰው በሩን ከረገጠ ብቻ፣ ከየት መጣ ሳይባል ከች ይላል፣ ክራባቱ ቀድሞት። ሬዲዮ ግን ገዢ አይመስልምና ማሳያ አዳራሹ ውስጥ ካለው የቆዳ ሶፋ ላይ ተጎልቶ ይጠብቃል። ደንበኞቹ የተዘጋ ፀጉር ቤት በር ላይ ቆመው ይደውሉለታል። «ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ» ይላቸዋል፣ እግሩን እንዳነባበረ። ሥራ አስኪያጁ ብቅ ሲልም ቁልፍ አይሰጠውም፣ ምክር ነው የሚሰጠው።

«ጋሼ፣ በዚች ከሚንገላቱ አዲሷን አይወስዱም? ቶሎ ነው የምትሞላው።»

«የት ነው የምትሞላው?»

«እዚሁ ነዋ!»

አንድ ቀን አንዲት መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ መጥታ አንዷን መኪና ትዞራት ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ስለ ባትሪው፣ ስለ መቀመጫው ሲደሰኩር ዝም ብላ ሰማችውና፣ «እኔስ የሚነዳት ሰው አግኝቼ ብጠይቅ ነው የምወደው» አለች።

የሰውዬው ዓይን ሶፋው ላይ አረፈና በራ። «ይኸውልሽ! የረጅም ጊዜ ደንበኛችን ናቸው!» ይህን እያለ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ለዘበኛው ወረወረለት። ስብሰባውም ቁልፉም ለካ አንድ ኪስ ውስጥ ነበሩ።

ሬዲዮ ገባው። «እህቴ» አለ ተነሥቶ፣ «ይቺ መኪና ማለት ነፋስ ናት! ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት…»

«ቻርጅ ማድረጉስ አያስቸግርም?»

እዚህ ላይ ምራቁን ዋጠ። በመስታወቱ ሲያይ ባለ ሪባኗ ከቻርጀሩ ፊት ዞር እያለች ነው። «ምን ችግር አለው? እዚህ ይመጣሉ፣ ይሰካሉ፣ ሶፋው ላይ አረፍ ይላሉ። ሶፋው እንዴት እንደሚመች!»

ሴትዮዋ ገዛች። ማታ ይህን ሲያወራ ሚስቱ ሳህን ማጠቧን አቆመች። «ዋሸሃት ማለት ነው?»

«ኧረ አልዋሸሁም፤ ሶፋው በእርግጥ ይመቻል።»

«ተው አንተ ሰው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው!»

ማን ሰምቷት። ሬዲዮ የመኪና መሸጫው ምስክር ሆኖ አረፈው። ገዢ በመጣ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ በዓይኑ ይጠቅሰዋል፣ እሱ ያመሰግናል፣ ቻርጀሩ ይከፈትለታል። ፀጉር ከመቁረጥ የቀለለ ሥራ ነበር።

አንድ ጠዋት ሲደርስ ባለ ሪባኗ የለችም። በቦታዋ ሌላ መኪና ተሰክታለች፣ ከኋላዋ ደግሞ ሰልፉ እስከ አጥሩ በር ይደርሳል። ከተሰካችው መኪና የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ወረደች።

«አንተ አይደለህ ሶፋውን ያመሰገንክልኝ?» አለችው። «አንተ» ብላው አታውቅም ነበር። «እስቲ ግባና ቁጭ በልበት!»

ገባ። ሶፋው ላይ የሰው ጉልበት ከሰው ጉልበት ተጋጥሞ ተጨናንቋል፣ የእጀታው ጫፍ ላይ እንኳ አንድ ሽማግሌ ተንጠልጥለዋል። ሁሉም እሱ ራሱ ያስገዛቸው ናቸው። ቀና ብለው አዩት፤ ሰላም ያለው የለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራ አስኪያጁ አንድ ባልና ሚስት ከነአማታቸው ይዞ መጣ። «እኚህ የረጅም ጊዜ ደንበኛችን…» ብሎ ጠቀሰው።

ሬዲዮ ደሙ ፈላ። «እንዳትገዙ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ የዋሸሁት ይበቃል! ጠዋት ተሰልፎ ተራ የሚደርሰው ማታ ነው። ሥራ አስፈታኝ፣ ደንበኞቼን አሳጣኝ። ያውላችሁ ሰልፉ፣ በዓይናችሁ እዩት!»

የሥራ አስኪያጁ ፊት አመድ መሰለ። ባልየው ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አየሽ? ይሄ ሁሉ ሰው የሚሰለፍለት ነገር መጥፎ ሊሆን አይችልም።»

«የቀረነው እኛ ብቻ ነን ማለት ነው» አለች ሚስት፣ ቅር ብሏት።

«ቀዩዋን ሰው ሳይወስዳት ያዟት» አሉ አማትየው።

የሥራ አስኪያጁ ፊት ቀለሙ ተመለሰ። እንግዶቹን ወደ ቢሮው እየመራ ሲያልፍ የሬዲዮን ትከሻ እንደ ባለውለታ ቸብ ቸብ አደረገው።

በሩ ላይ ቆማ ሁሉን የሰማችው የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ በሣቅ ፈረሰች። እንባዋን እየጠረገች ወጥታ ገመዷን ነቀለችና መኪናዋን ከቻርጀሩ ፊት ዞር አደረገች።

«ና፣ በቦታዬ ግባ» አለችው በመስኮት። «ደንበኞችህ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ሳይደርስ ሂድላቸው።»

ከኋላ የተሰለፉት ግን አልሣቁም። ሬዲዮ ገና ገመዱን ሳያነሣ ጥሩምባቸውን በአንድነት ለቀቁበት።