ሰባት ቤት በትንሽ ታብሌት

ሐሙስ ጠዋት እዚህ እስራኤል ውስጥ ከአፉላ ወደ ሐዴራ የተነሳሁት ልጄ ሲጋል ታገባ እንደሆነና እንዳልሆነ ለማወቅ ነው። ሊያገባት የሚፈልገው ኤልያስ እኔም እናቷም እንከን ያላወጣንለት ጨዋ ልጅ ነው። የቀረው እንደ አባቶቻችን ሥርዓት ሰባት ቤት ቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩን ማረጋገጥ ነበር። የእኛን ዘር አጥርታ የምታውቀው እዚሁ አፉላ ያለችው አክስቴ እንዬ ናት። የእነሱን የሚያውቁት ደግሞ ሐዴራ ያሉት የኤልያስ አያት አባ ፈንታ ናቸው። አክስቴ ጉልበቷ ታሞ ከቤት አትወጣም። አባ ፈንታ ዓይናቸው ስለደከመ በስልክ ላይ የሰው መልክ አይለዩም፤ "ፊት ሳላይ ዘር አልቆጥርም" ብለው ድርቅ አሉ።

ስለዚህ ታብሌት ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ ርካሹን፣ ከሦስት መቶ ሼቄል በታች። ሻጩ ካልወደድኩት መመለስ እንደምችል ስለነገረኝ፣ መንገዱን ሙሉ እየፈተንኩት ልሄድ ወሰንኩ። ሲጋል አገላብጣ አየችውና፣

"አባ፣ ይኼኮ ታብሌት አይደለም፣ የሽንኩርት መክተፊያ ነው" አለችኝ።

ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ሰሞኑን እህል እንደማይወርድላት ግን አውቃለሁ።

ከአፉላ እስከ ሃይፋ

በዋዲ አራ ሸለቆ የሚያልፈው አውቶቡስ ይቀርባል። እኔ ግን ባቡር መረጥኩ፤ ባቡር ላይ ጠረጴዛ አለ፣ ወንበሩም አያንገጫግጭም። ጣቢያው ወደ ቤታቸው በሚሄዱ ወታደሮች ተሞልቶ ነበር። መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩና ዕቃዬን ከጃኬቴ ኪስ አወጣሁ። የመጀመሪያው ጥቅም ይኼ ነው፤ ኪስ ይገባል፣ ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይዘውት ክንድ አይዝልም።

የመጀመሪያው ጉድለት ወዲያው ተከተለ። አንዱን ምልክት ነክቼ እስኪከፈት ድረስ የኢዝራኤልን ሸለቆ ግማሹን አየሁት፤ የታረሰውን ጥቁር አፈር፣ የከብቶቹን በረት፣ ከሩቅ የቀርሜሎስን ተራራ። ደግሞ ብነካው ሁለት ጊዜ ተከፈተ። በመስኮቱ ፀሐይ ሲገባማ ጭራሽ መስታወት ሆነ፤ ዜና ላነብ ብዬ ያልተላጨ ጢሜን ሳይ ቆየሁ። ጥላ ሲመጣ ግን የአማርኛው ፊደል ጥርት ብሎ ይነበባል፣ መነጽሬንም አላወጣሁም።

ፊት ለፊቴ የተቀመጠች የእኛው ወገን ልጅ፣ ወታደር ናት፣ በፈገግታ ታየኝ ነበር።

"ለልጅህ ነው የገዛኸው?" አለችኝ።

"አዎ፣ ለልጄ ጋብቻ።"

ነገሩን ሳስረዳት ሳቋ ጠፋ። "እኛም ቤት ልክ እንደዚህ ሆኖ ነበር። የወንድሜና የልጅቱ ዘር ስድስተኛ ቤት ላይ ተገናኘና በቃ፣ ጋብቻው ቀረ" አለች።

ከዚያ በኋላ ታብሌቱን ኪሴ ከተትኩት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጉዳዩን ከዕቃ ሙከራ ጋር ደባልቄ ነበር የያዝኩት። አሁን ግን ፈራሁ።

ሐዴራ

ሃይፋ ላይ ባቡር ስቀይር በአሥራ ሁለት ሼቄል ሳምቡሳ መሳይ የድንች ቡሬካ በላሁ፤ ዘይቱ ጣቴን አርሶት ታብሌቱ ጭራሽ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ ወደ ደቡብ ባሕሩን በቀኝ እያየሁ ወረድኩ። ከሐዴራ ጣቢያ በከተማ አውቶቡስ አባ ፈንታ ሰፈር ደረስኩ።

አባ ፈንታ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ይጠብቁኝ ነበር። ባለቤታቸው እማማ የሺ ቆሎና ጠላ አቀረቡ። ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ ላቆመው ስል፣

"እንግዳ ነው እኮ፣ ምን መሬት ለመሬት ታደርገዋለህ!" ብለው እማማ የሺ ተቆጡኝና ከሶፋው ላይ ሁለት ትራስ ደርበው ከፍ አድርገው አስቀመጡት።

ታብሌቱ የራሱ መስመር የለውም፤ ኢንተርኔት የሚወስደው ከስልኬ ነው። ሲጋል ስልክ ላይ ደውዬ አገናኘኋቸው። አክስቴ እንዬ ብቅ አለች፤ ከጀርባዋ ሲጋል ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ምስሉ ጭጋግ የለበሰ ቢሆንም አባ ፈንታ አይተዋት ከወንበራቸው ተነሱ። ሰላምታው ማለቂያ አጣ፤ ጤና፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ጉልበት። ድምፁ ስለሚያንስ ሁላችንም ጭንቅላታችንን ገጥመን ነበር የምንሰማው። ስልኬ እየሞተ መሆኑን ያየ አልነበረም።

በመጨረሻ አክስቴ ከሲጋል ተነስታ ወደ ላይ ቆጠረች። እኔን፣ እናቴን ደስታን፣ አያቴን ባይህን እያለች ወጥታ ወጥታ፣ "ስምንተኛው አበጀ ነው" አለች።

አባ ፈንታ ጠላቸውን አስቀመጡ።

"የወገራው አበጀ?"

"የወገራው።"

"ብረት ቀጥቃጩ?"

"አዎና! አንቱ በየት አወቁት?"

አባ ፈንታ ከኤልያስ ጀምረው በጣታቸው፣ በሹክሹክታ መቁጠር ጀመሩ። አንድ እጃቸው አለቀ። ሁለተኛውን እጅ ጀመሩ። ስድስተኛው ጣት ላይ የወታደሯ ወንድም ትዝ ብሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ዘመዴ ነሽ!" ብለው ጮኹ። "ዘመዴ ነሽ፣ አንቺ እንዬ!" ታብሌቱን ከነትራሱ አንስተው ግራና ቀኝ እያገላበጡ ሳሙት። ጣቴን አልሰማ ሲል የዋለው መስታወት የእሳቸውን ጉንጭ ወዲያው ሰማ፤ ጥሪው ተዘጋ።

"ስንተኛ ነው?" አልኩ።

"ስምንተኛ! በእኛም ስምንተኛ ነው! ጋብቻውም ይሁን፣ ዘመድም አገኘን!"

ደስ ብሎኝ ልዘል ስል አንድ ነገር ታየኝ። አፉላ የደረሰው "ዘመዴ ነሽ" የሚለው ብቻ ነው። ስልኬን ባነሳው ሶሌላው፣ ማለት ባትሪው፣ አልቆ ጠፍቷል። እማማ የሺ ስልካቸውን ሰጡኝ። ተቀበልኩ፣ ግን የልጄን ቁጥር አላውቀውም።

አባ ፈንታ አፈጠጡብኝ። "እኔ የአበጀን አባት አውቃለሁ። አንተ የልጅህን ስልክ አታውቅም?"

ስልኬ ተሰክቶ እስኪነሳ ድረስ ወለሉን ዞርኩት። ስደውል ሲጋል እያለቀሰች አነሳች።

"ሃቱናው ቀረ፣ አይደል አባ?"

"ማን አለሽ? ስምንተኛ ነው! በሁለቱም ወገን ስምንተኛ!"

ሠርጉ እንዳልቀረ ሲገባት እንደገና አለቀሰች፤ ይኼኛው ግን ሲሰሙት ደስ የሚል ለቅሶ ነበር። ከጀርባዋ የአክስቴ እልልታ ስልኩን አንቀጠቀጠው። እማማ የሺም ከዚህ መለሱላት።

ወደ አፉላ

ስመለስ በአውቶቡስ በዋዲ አራ መጣሁ። መንገዱ ዳር ሻጮች ሀብሐብ ደርድረዋል፤ አንዱ መኪና በቆመ ቁጥር ትራፊኩ ይቆማል፣ እኔ ግን ማንንም አልተቀየምኩም። ታብሌቱን ልመልሰው ወይስ ላስቀረው እያልኩ ሳመዛዝን መጣሁ። ዘገምተኛ ነው፣ ፀሐይ ይጠላል፣ ድምፁ ያንሳል፣ ያለ ስልክ አይረባም። በሌላ በኩል ግን ከጠዋት ጀምሮ በርቶ ውሎ ሶሌላው ግማሹም አላለቀም፤ ስልኬ ነው ያሳፈረኝ። አንድ አዛውንትንም ከወንበራቸው አስነስቷል። አስቀረዋለሁ።

ጉዞው ያስተማረኝ ስለ ዕቃ ብቻ አይደለም። ቆጠራውን እንደ ወግ ብቻ አይቼ፣ "ይለቅ ብቻ" ብዬ ነበር የወጣሁት። በአባ ፈንታ ጣቶች መሃል የልጄን የወደፊት ሕይወት ሳይ ነው ክብደቱ የገባኝ።

ሲጋል ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ቆማ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጦ ፊቷ ያበራል። ወደ ቤት ስንሄድ አፌን ያዝ ማድረግ አቃተኝ።

"ስድስተኛ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?"

ጥቂት ተራመደች። "አንተስ ምን ትለኝ ነበር?"

እንደ አባ ፈንታ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩና ስድስተኛው ጣት ላይ አቆምኩ።

"ስምንተኛ ነው፣ አይደል?" አለችኝ።

"ስምንተኛ ነው።"

ክንዴን ያዘችኝና ሁለታችንም እየሳቅን ቤት ገባን።