ያልተቀቀለው ቡሌ

ሰውን የማይዝ በሽታ አያስፈራም ይባላል። ሐሰት ነው። እንደዚያ ሳምንት ፈርቼ አላውቅም፤ የሞቱት ግን አሳማዎች ብቻ ናቸው።

ታናሽ ወንድሜ ከራስ መኮንን ድልድይ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረ ጓሮው ስምንት አሳማ ያረባ ነበር። ቤቱ የሚተዳደረው በእነሱ ነው። እኛ አሳማ አንበላም፤ ሰፈር እስካልሰማ ድረስ ግን ለሚበሉት ማርባት አይከብደንም። ቀለባቸው ቡሌ ነበር፣ ከፒያሳ ሆቴሎች የሚወጣ የምግብ ትራፊ። አመላላሹ እኔ ነኝ፤ ብዙ ያነበበ ሰው መጨረሻው እንዲህ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ አስጠንቅቆን ነበር። ትራፊው ውስጥ የአሳማ ሥጋ ካለ አሳማ የሚፈጀው በሽታ ቫይረስ አብሮ ይመጣል፤ ወይ ለዩት፣ ወይ በደንብ ቀቅሉት አለን። ወንድሜ በሕይወት ያለውን አሳማ እያሻሸ ያጥባል፣ ሥጋውን ግን በጣቱ አይነካም። መለየቱ ስለቀረ መቀቀሉን ለሚስቱ አነሳሁላት።

«ጋሼ፣ በእኔ ድስት አሳማ አይቀቀልም!»

«ሌላ ድስት እገዛልሻለሁ።»

«ሽታውስ? ጎረቤት ሲጠይቀኝ ጋሼ ሽቶ እያፈሉ ነው ልበል?»

ሳቅን። ጥሬውን ለአሳማዎቹ ሰጠናቸው።

አንድ ማለዳ ትልቋ እንስት ወደ ገንዳው አልመጣችም። ገላዋ ይፋጃል፤ ጆሮዋና ሆዷ ወይን ጠጅ መስሏል። በማግስቱ ከአፍንጫዋ ደም ወርዶ ሞተች። የቀሩት ተደራርበው ተኙ። ሲጮሁ የሚውሉ እንስሳት ጭጭ አሉ።

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። «መድኃኒት የለውም» አለኝ። «ማንም አይግባ፣ ምንም አይውጣ። በባልዲም፣ በጫማም ይሄዳል።»

ጫማዬን አየሁ። በዚያው ጫማ ጠዋት ከወንዙ ማዶ አሳማ የሚያረቡ ባልና ሚስት በረት ገብቼ ነበር፤ የእነሱ አሳማዎች ደህና መሆናቸውን ልጠይቅ።

ወንድሜ ገመድ ይዞ መጣ። «የቆሙትን ዛሬውኑ ልሽጣቸው። ሰው አይጎዳም አይደል?»

«የሚገዛህ ሰው ሌላ አሳማ የለውም?»

ገመዱን ጥሎ በሩ ላይ ተቀመጠ። አልሸጠም። በሳምንት ውስጥ ሁሉም ሞቱ፤ ስምንቱንም ቀበርን።

ከዚያ የማዶው ባል ደወለ። «አንዷ መብል እምቢ ብላለች፤ ምን ይሆን?» በሽታውን በጫማዬ ያመጣሁባቸው እኔ ሳልሆን እንዳልቀረሁ ነገርኩት። ስልኩን ዘጋው፤ ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አሳማ የምታረባ አንባቢ፦ ከታመመብህ አትሽጥ፣ አትደብቅ። በርህን ዝጋና ዛሬውኑ ሐኪም ጥራ።