ጢጥ ባዩ ኮምፒውተርና ሁለተኛው ድምፅ

መሳይን ኔዘርላንድ፣ ሮተርዳም ዙይድ የሚባለው ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው በእንቅልፋምነቱ ነው። ሐሰት! ሰውየው አይተኛም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ካፔለ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ሽማግሌዎችን ሲያጥብና ሲያለብስ ውሎ ሲመለስ፣ ሜትሮው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከወንዙ ሥር ሲገባ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ያስደግፋል። ሐዲዱ ሲያዜም ሁለት ድምፅ ይሰማዋል፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የባለቤቱ። ስንቴ ከመውረጃው አልፎ ሄዷል መሰላችሁ!

ባለቤቱ ዓለምወርቅ በትንሿ ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ሁለተኛውን ድምፅ ትይዝ ነበር። እሱ ዜማውን፣ እሷ ከሥሩ። የእንቅርት ቀዶ ጥገና ካደረገች በኋላ ግን ድምፅዋ ሻከረ። ሎጎፔዲስቷ፣ ድምፅ የምታሠለጥነዋ ባለሙያ፣ «ዘምሪ፤ ዝም ባልሽ ቁጥር ይብሳል» አለቻት። ማን ይሰማል! «በዚህ ድምፅ? እግዜርንም ሰውንም አላስቸግርም» ብላ አፏን ዘጋች። ድስት ስታማስል እንኳ አታንጎራጉርም። መሳይን ከበሽታው ይልቅ ይህ ዝምታ አስፈራው።

አንድ ቅዳሜ ክሪንግሎፕ ከሚሉት የአሮጌ ዕቃ መደብር ጥንታዊ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ። ልጃቸው ረሆቦት ሳቀች።

«ፓፓ፣ ምን ነካህ? ይሄ እኮ ሙዚየም ነው መሄድ ያለበት። ስፒከር እንኳ የለውም!»

«ጢጥ የምትል ዕቃ አለችው» አላት። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ሲማር፣ እንዲህ ባለው ማሽን መዝሙር ሠርቶ መምህሩን አስቆጥቷል።

ሐሳቡ ይሄ ነበር፤ ማሽኑ የሷን ድምፅ ከሱ ሥር ሲዘምር ብትሰማ፣ ምናልባት ትናፍቀውና አፏን ትከፍት ይሆናል። ጣጣው ግን ያቺ ዕቃ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የምታወጣው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው አይደል የሚባለው? ዘዴው ማፈራረቅ ነው፤ ካንዱ ዜማ ቁራሽ፣ ከሌላው ቁራሽ፣ እንደገና ካንዱ። ቀስ ካለ ጫጫታ ነው። በደንብ ሲፈጥን ግን ጆሮ ይታለልና ሁለት ሰው አብሮ የሚዘምር ይመስለዋል። መሳይ በዚህ ማታለል ተደሰተ፤ ሽማግሌዎቹን ገንፎ ሲያጎርስ ሁሉ ማንኪያውን አየር ላይ ይረሳው ጀመር።

ጭጋግ ከመስኮቱ ማዶ ያሉትን ቤቶች በዋጠበት ከሰዓት፣ ዓለምወርቅ ድንች ስትልጥ ማሽኑን ከፈተው። የሠርጋቸው ዕለት የተዘመረው መዝሙር ነበር። ቀጭን፣ ትንኝ የመሰለ፣ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ፤ ደግሞም እውነት ሁለት ነበረ። ዓለምወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቢላዋዋ ቆመ።

«ይሄ የማን ድምፅ ነው?»

«ያንቺ ነዋ።»

«የኔ? በኢየሱስ ስም! ትዝታ ቅኝት ላይ ይሄ ድምፅ ከየት መጣ?»

መሳይ ተንተባተበ። ሁለተኛ ድምፅ እንዴት እንደሚሠራ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ነበር፤ ደንቡ ዜማውን ሁለት ደረጃ ዝቅ ብለህ ተከተል ይላል። ተከተለ። ደንቡ ግን ለፈረንጅ መዝሙር የወጣ ነው፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ በትዝታ ውስጥ የሌለውን ድምፅ ረገጠ።

«ደንብ ፈለግህ? ይሄን ሁሉ ዘመን አጠገቤ ቆመህ ሰምተኸኝ አታውቅም እንዴ?»

ለካስ ሜትሮ ውስጥ የሚሰማው የሷ ድምፅ ራሱ የፈጠረው ኖሯል። ሰው የቆመበትን ወለል ጎንበስ ብሎ አያይም፤ እሱም እንዲሁ ቆሞባት ነው የኖረ። አፈረ፤ ልቡ ተሰበረ።

ዓለምወርቅ ግን ተናዳለች፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። «እዚህ ጋ እኔ አልወርድም። አንተ ትወርዳለህ፣ እኔ እዚያው ሆኜ እጠብቅሃለሁ። እንዲህ ነው፤ ስማ!»

ዘመረች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ መሐል ላይ ተሰበረ፤ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

መሳይ ገና ስትጀምር ገብቶታል።

«አልገባኝም» አላት፤ «እስቲ ድገሚልኝ።»