አሸንዳ ልጠርግ ወጥቼ ያየሁት

ይህ የደረሰው ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ፤ ብዙ ነገርም አይቻለሁ። ያን ዕለት ጠዋት ግን ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። እስከ ዛሬ ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሥራዬ አሸንዳ መጥረግና መጠገን ነው። የምሠራው ከከድር ጋር ነው። ከከድር ጋር የተዋወቅነው ቆርቆሮ ቤት ተቀጥረን አሸንዳ ስናጥፍ ነው። ሰው አዲስ አሸንዳ የሚሠራለት እንጂ ያለውን የሚያጸዳለት እንደሌለው ስናይ መሰላልና ገመድ ገዝተን የራሳችንን ሥራ ጀመርን። ዛሬ ከጦር ኃይሎች እስከ ዘነበወርቅ ድረስ ደንበኛ አለን።

ሰው አሸንዳ እንዳለው ትዝ የሚለው ኮርኒሱ ሲያንጠባጥብ ነው። ውስጡ የማይገኝ ነገር የለም። የባህር ዛፍ ቅጠል፣ ፌስታል፣ የልጆች ኳስ፣ የሞተ እርግብ። ወደ ቆሼ፣ ወደ ቆሻሻ መጣያው፣ በሚጠጉት ቤቶች ደግሞ አሞራ አምጥቶ የጣለው አጥንት ይበዛል። ሁሉም በጭቃ ተለውሶ ይደርቅና ቱቦውን ይደፍነዋል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወይ ወደ ባለቤቱ ቤት ይገባል፣ ወይ ወደ ጎረቤት ይፈሳል። ግማሹ ሥራችን የሚመጣው ከጎረቤት ጠብ ነው ብል አላጋነንኩም።

ያን ዕለት በማለዳ የደወሉልኝ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው፣ ሱቁን ለልጆቻቸው ለቀው ቤት የዋሉ ሰው ናቸው።

"ሌሊቱን ሙሉ ኮርኒሴ ሲያንጠባጥብ አደረ። ሌላ ዝናብ ሳይመጣብኝ ድረሱልኝ" አሉኝ።

ቤታቸው ዘነበወርቅ ነው። ስንደርስ ዝናቡ አባርቷል፤ ሰማዩ ግን እንደ ከበደ ነው። ረጅም፣ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ፣ ጋሽ ወልዴ ራሳቸው፣ በሩን ከፈቱልን። የፊት ለፊቱ አሸንዳ ብዙም አልተጎዳም። ችግሩ ያለው ከጓሮ ነበር። ጋሽ ወልዴ ከጓሮው አጥር ሥር ቆመው አስጠነቀቁኝ።

"ጭቃውን ወደ ወዲያ ግቢ እንዳትጥል። አንዲት ቅጠል እንዳትወድቅ። ነገር አልፈልግም።"

"ማን አለ እዚያ?"

"አንዲት ሴትዮ ናት" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

መሰላሉን ስናቆም ከድር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ሰፈሩን ያውቀዋል፤ አክስቱ እዚያው ትኖራለች።

"ሴትዮ የሚሏት እህታቸው ናት። አባታቸው ሲሞቱ ግቢውን ሲካፈሉ ተጣልተው ነው ይሄን አጥር ያቆሙት። ክረምት በመጣ ቁጥር በዚህ ውሃ ይሰዳደባሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ሽማግሌም አልቻላቸው።"

እንዲህ ያለ ነገር ለኛ አዲስ አይደለም።

ገመዴን ታጥቄ ወጣሁ። እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፤ ሚስማሩ የተመታበትን መስመር እየረገጥኩ በቀስታ ወደ ጓሮው ጠርዝ ወረድኩ። አሸንዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ጭቃ ነው። ሳርም በቅሎበታል። የቱቦው አፍ ተደፍኖ የለም ማለት ይቻላል። ሌሊቱን ከዚያ ሁሉ ጣሪያ የወረደው ውሃ በሙሉ በአጥሩ ላይ ዘሎ እዚያኛው ግቢ እንደገባ ወዲያው ገባኝ።

ተንበርክኬ ጭቃውን እየዛቅኩ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ መጨመር ጀመርኩ። ትንሽ እንደሠራሁ፣ የተንጠባጠበ ነገር ካለ ልይ ብዬ ወደ ታች ተመለከትኩ።

ግቢው ኩሬ ሆኗል። አንድ ባሊ ተገልብጦ ይንሳፈፋል። ከቤቱ ደጃፍ ላይ ልብስ የወደቀ መሰለኝ። ከገመድ ላይ ንፋስ የጣለው ነው አልኩ። ከዚያ ከልብሱ ጫፍ እግር አየሁ።

"እትዬ!" ብዬ ጮህኩ። "እትዬ! ይሰማሉ?"

መልስ የለም። ደግሜ ስጮህ አንድ እጅ ከውሃው ላይ ትንሽ ከፍ አለና ተመልሶ ወደቀ።

"ጋሽ ወልዴ! እህትዎ ወድቀዋል! ውሃ ውስጥ ናቸው!"

ጋሽ ወልዴ ከታች መሰላሉን ይዘው ቆመዋል። ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ያኔ አልተረዳሁትም።

"ከመቼ ጀምሮ?" አሉኝ።

በጣም ተናደድኩ። ሰው ወድቋል ሲባል ይሄ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? "እኔ ምን አውቄ! ሰው ይጥሩ እንጂ!" አልኳቸው።

መሰላሉን ለቀው ወደ ቤት ገቡ። ጥለዋት ሄዱ አልኩ በልቤ። ይሄ ሰው ልብ የለውም አልኩ።

እኔ ከጣሪያው እንደወረድኩ ከድር አጥሩ ላይ ወጣ። የአጥሩ ጫፍ ጠርሙስ ተሰክቶበታል። ከረጢቶቹን ደራርበን አነጠፍንበትና መሰላሉን ወደዚያ አሻግረን ወረድን። ጠርሙሱ መዳፌን ቆርጦኝ ነበር፤ ያወቅኩት ግን ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው።

ሴትየዋ ቀጭን ናቸው። ሽበታቸው በጭቃ ተለጥፏል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። አንዱ እግራቸው ሰው እግሩን በማያስቀምጥበት አኳኋን ዞሯል። ከጎናቸው መጥረጊያ ወድቋል። ራሳቸውን ቀና አድርጌ ጉልበቴ ላይ ሳስደግፈው ሰውነታቸው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። የሚንቀጠቀጡበት ጉልበት እንኳ አልነበራቸውም።

"አይዞዎት እትዬ፣ መጥተናል።"

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ጆሮዬን አፋቸው ላይ አደረግኩ።

"ውሃው ቤት ሊገባብኝ ሲል... ልጠርግ ወጥቼ..."

"ማታ ነው የወደቁት?"

በዓይናቸው አዎ አሉኝ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሐዋሳ ነው ያገባችው። ስልካቸውን በኋላ አልጋቸው ላይ አገኘነው።

"ጮህኩ" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ወንድም ጋሼን ጥራልኝ" አሉኝ።

ማንን እንደሚሉ ወዲያው አልገባኝም። እህት ታላቅ ወንድሟን በፍቅር የምትጠራበት ስም ነው። ከጋሽ ወልዴ ጋር ላገናኘው አልቻልኩም።

በዚህ መሃል የውጭው በር በኃይል ተደበደበ።

"ክፈቱልኝ! ክፈቱልኝ!"

ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ከድር ሮጦ መቀርቀሪያውን ሳበው። ሽማግሌው ብርድ ልብስ ታቅፈው ገቡ። ካጥሩ መቆም ወዲህ ያን በር ረግጠው እንደማያውቁ ከኋላቸው የመጡት ጎረቤቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። እህታቸው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ከነካፖርታቸው ውሃው ውስጥ ተንበረከኩ።

"አስኩ" አሉ። "አስኩ፣ እኔ ነኝ።"

እትዬ አስካለች ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋቸው። ይወቋቸው አይወቋቸው እንጃ። እጃቸው ግን የካፖርቱን ጫፍ ያዘ። አውቀው ይዘውት ይሁን፣ ጣታቸው በብርድ ተጨብጦ ይሁን፣ እሱንም አላውቅም።

እጅና እግር ይዞ ማንሳት እንደማይሆን ገባን። መሰላላችን ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈን አስተኛናቸው። ለአራት ተሸክመን አወጣናቸው። አንድ ጎረቤት የሚኒባሱን ወንበር አጣጥፎ ከነመሰላሉ ጫናቸው። የኋላው በር አልዘጋ ብሎ ከድር በእጁ እንደያዘው ሆስፒታል ደረስን።

የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል ተባለ። ሐኪሙን ይበልጥ ያሳሰበው ግን ብርዱ ነበር። ሌሊቱን በሙሉ ውሃ ውስጥ ነው ያደሩት፤ ሳንባቸው ተጎድቷል አለን። ጋሽ ወልዴ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ካፖርታቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ስንሰናበታቸው እንኳ ቀና አላሉም።

ሳምንት ሳይሞላ ከድር ደወለልኝ። "እትዬ አስካለች አረፉ" አለኝ።

ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ የተተከለው በሁለቱ በሮች መሃል፣ መንገዱ ላይ ነው። ሐዋሳ ያለችው ልጅ መጥታለች፤ ድምጿ በለቅሶ ተዘግቷል። ጋሽ ወልዴ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሡና በእጃቸው ጠሩኝ። ወደ ግቢያቸው ይዘውኝ ገቡ። ጓሮው ጋ ስንደርስ ቆሙ።

"መጀመሪያ የደረስክላት አንተ ነህ። ምን አለችህ?" አሉኝ።

"ብዙም መናገር አልቻሉም ነበር ጋሼ።"

"ረገመችኝ?"

"ኧረ በፍጹም!" አልኩ። ያኔ የሚያጽናናቸው ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። "እንዲያውም 'ወንድም ጋሼን ጥራልኝ' ነው ያሉኝ። እርስዎን ነበር የፈለጉት።"

ሽማግሌው ግድግዳውን ያዙ። እዚያው ቁጭ አሉ። ላነሣቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ።

"ማታ ሰምቻታለሁ።"

በእጃቸው ወደ አጥሩ አመለከቱ።

"ዜና እያየሁ ነበር። ስትጮህ ሰማሁ። ዝናብ በጣለ ቁጥር 'ውሃህን ያዝልኝ' እያለች ትጮህብኛለች። ያው የተለመደው መሰለኝ። ቴሌቪዥኑን ድምፁን ጨመርኩት። ከዚያ ዝም አለች። ደክሟት ገባች አልኩ። ተመስገን አልኩ።"

ጣሪያ ላይ ሆኜ ስነግራቸው "ከመቼ ጀምሮ?" ያሉኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንዲት አሮጊት ለቀስተኛ ፈልገዋቸው መጡና ትከሻቸውን ይዘው፣ "ተው ወልዴ፣ ራስህን አትጉዳ። በዚያ ዶፍ ዝናብ ማን ይሰማል?" አሏቸው። ጋሽ ወልዴ አሮጊቷን ሳይሆን እኔን አዩኝ። አጎነበስኩ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ የጀመርነውን አሸንዳ ሄደን ጨረስን። ቱቦውን ቀይረን ውሃው ወደ ፊት ለፊት፣ ወደ መንገዱ ቦይ እንዲወርድ አደረግን። ቀላል ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ አልቆ ነበር። ጋሽ ወልዴ ከቤት አልወጡም። በመስኮት በኩል ጀርባቸውን አየሁት፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ጨርቅ ተጥሎበታል።

ያን የሟች ቃል ባልነግራቸው ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። አጽናናለሁ ብዬ በቀሪ ዕድሜያቸው የማይሽር ቁስል አበጀሁባቸው። ሌላ ቀን ደግሞ ቃሉ የእኔ አይደለም፣ የመደበቅ መብት የለኝም እላለሁ። እስካሁን አልቆረጠልኝም። በጋሽ ወልዴ ላይ የነበረኝ ንዴት ግን አሁን የለም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

እኔ የምኖረው ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ከጎናችን የምትኖር አንዲት ሴት አለች፤ ከጠዋት እስከ ማታ በልጆቿ ላይ ስትጮህ ነው የምትውለው። ድሮ ድምጿን ስሰማ በሬን እዘጋ ነበር። አሁን ስትጮህ ተነሥቼ ደጃፏ ድረስ እሄዳለሁ።

"ደግሞ ምን ሆነህ መጣህ?" ትለኛለች።

"ምንም። ደህና ናችሁ ወይ ብዬ ነው።"

ትስቃለች። ለሌሎቹ ጎረቤቶች ነግራቸው እነሱም ይስቃሉ። ሚስቴም ሳትቀር ታፍርብኛለች። ይሳቁ።