ተረከዟ የሚከፍተው ኬላ

ከኪሩም ቁልቁለት በላይ፣ ቀዩ መንገድ ወደ ምባንዳር ከመታጠፉ በፊት፣ አንድ የባሕር ዛፍ አጣና መንገዱን ይዘጋል። ባንዱ ጫፉ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ታስሮበታል። ዝናብ ሲዘንብ አጣናው ይወርዳል፣ መንገዱ ሲደርቅ ይነሳል። ከሦስት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሁሉ እዚያ ቆሞ ይጠብቃል። የዝናብ ኬላ ይሉታል። አስፋልት የሌለው መንገድ እርጥብ ሳለ ከባድ መኪና ከሄደበት፣ ግሬደሩ በአንድ ወር የሠራው በአንድ ቀን ይጠፋል። የአውራጃው መንገድ ሥራ መምሪያ ደግሞ ያለው ግሬደር አንድ ነው።

አጣናውን የምታነሳውና የምታወርደው ፐርፔቱዋ ሌንዩይ ነበረች። አምሳ ሁለት ዓመቷ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ሾፌሮቹ ማ ፐርፔቱዋ ይሏታል፤ «ማ» እናት ማለት ነው፣ «ፓ» ደግሞ አባት።

ሥራው መጀመሪያ የባሏ ነበር። ባሏ ለሁለት ሳምንት ብሎ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ወደ ጎማ ዛፍ እርሻ ወረደ፤ አልተመለሰም። ዝናቡ ግን መጣ፤ እሷም አጣናውን አወረደች። ስምንት ወር በባሏ ስም ሠራች። መምሪያው ሲደርስበት ስሙን ለወጠ፤ ከስሙ ፊት ያለውን «አቶ» ለመለወጥ ግን ሁለት ዓመት ፈጀበት። «አቶ ፐርፔቱዋ» በሚለው ላይ እየፈረመች ደመወዟን ወሰደች፤ ቅር አላላትም።

መንገዱ መድረቁን የምታውቀው በተረከዟ ነበር። የላስቲክ ቦቷን አድርጋ ከኬላው ሠላሳ እርምጃ ትወርዳለች። ገረጋንቲው ታጥቦ ሸክላው አፈር የወጣበት ቦታ አለ። እዚያ በአንድ እግሯ ትቆምና ክብደቷን ሁሉ ተረከዟ ላይ ትጥላለች። እግሯን ታነሳለች፣ ጉድጓዱን ታያለች። ውሃ ካቀረረ ኬላው አይከፈትም። ውሃ ሳያቀርር ጠርዙ እያብለጨለጨ ከቆየ ቀላል ጭነት ብቻ ያልፋል። ጠርዙ ከተፈረፈረ ሁሉም ያልፋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እሷ አሳልፋው ቁልቁለቱ ላይ የሰመጠ መኪና ሁለት ብቻ ነው፤ የአንደኛው ሾፌር ደግሞ ሰክሮ ነበር።

ኬላው አጠገብ እህቷ ፉፉ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ጎመን ትሸጣለች። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ካምዴም የሚባል የቢራ መኪና ሾፌር ሰኔ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ኬላው ላይ ቆመ። ሦስት ሳህን ፉፉ በላ። ሦስተኛው ላይ ነገሩ የተገለጠለት መሰለው። «የኬላ ጠባቂዋ መንገዱን የምትዘጋው የእህቷ ድስት እስኪያልቅ ነው» ብሎ ለመምሪያው ጻፈ። አሥራ አራት ሾፌሮች ፈረሙበት። ሁለቱ ምን እንደፈረሙ የጠየቁት ከፈረሙ በኋላ ነው።

ደብዳቤው አዲሱ የመምሪያው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ኢንጂነር ዳይሩ የመጣው ከሩቁ ሰሜን ነው። እዚያ ዝናብ ይመጣል፣ ግማሽ ሰዓት ይደበድባል፣ ይሄዳል፤ ከኋላው ፀሐይ ትወጣለች። ቀጭን፣ ፈጣንና ሐቀኛ ሰው ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተሰቅለው የነበሩትን ሁለት ገልባጭ መኪናዎች ጎማ አልብሶ አስነሳቸው። የጋራዡን ዘይት ማን እንደሚወስድ አልጠየቀም፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ለወጠ፣ ዘይቱ መጥፋቱን አቆመ።

አንድ ጠዋት የግድግዳ ሰዓትና አዲስ ደብተር ይዞ ኬላው ላይ ደረሰ።

«ማ ፐርፔቱዋ፣ መንገዱ መድረቁን በምን ያውቃሉ?»

«በተረከዜ።»

ብዕሩን አወጣና መልሶ ኪሱ ከተተው። «ይህን ለክፍለ ሀገሩ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«በተረከዟ ነው ብለው ይጻፉ።»

«ይስሙኝ። ክስ አለብዎት። እኔ ሰው በወሬ አላባርርም። ከዛሬ ጀምሮ ዝናቡ ካቆመ ልክ በአራት ሰዓቱ ኬላው ይከፈታል። ያቆመበትን ሰዓት እዚህ ደብተር ላይ ይጻፉ። ቀድመው ከከፈቱ ወይም ከሰዓቱ አልፎ ዘግተው ካቆዩ ግን ክሱ እውነት ነው ማለት ነው፤ ሌላ ሰው አስገባለሁ። አንድ ወር አያለሁ።»

«ዝናቡ ካቆመ?»

«ካቆመ።»

«ጌታዬ፣ እዚህ አገር ነሐሴን አይተውት ያውቃሉ?»

«ነሐሴ የትም ነሐሴ ነው።»

ማ ፐርፔቱዋ ሰዓቱን ተቀብላ ምስማር ላይ ሰቀለችው።

ነሐሴ ገባ። በዚያ ደጋ ዝናብ በነሐሴ አያቆምም፤ ይቀጥናል። ይቀጥንና ካፊያ ይሆናል፣ ካፊያው ጉም ይሆናል፣ ጉሙ ቅጠል ላይ ተንጠባጥቦ መልሶ ዝናብ ይሆናል። የሰኞው የደብተሩ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል አቆመ። አራት ሰዓት ላይ ጀመረ። ስድስት ሰዓት አቆመ። ስምንት ሰዓት ላይ አለ ለማለትም የለም ለማለትም ያስቸግራል፤ ነገር ግን ሻሼ ረጥቧል፤ ስለዚህ አለ።»

አጣናው ሰኞ ወረደ፤ ማክሰኞም አልተነሳም። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ካርታ ተጫወቱ፣ ተኙ። ረቡዕ ላይ አሥራ ሰባት መኪና ተሰለፈ። የእህቷ ድስት በቀን ሦስት ጊዜ ይሞላል፣ ሦስት ጊዜ ይራቆታል። ከኬላው ወዲያ፣ ምባንዳር፣ የአንድ ትልቅ ሰው የሙት ዓመት ድግስ ነበር፤ ቢራው ደግሞ የካምዴም መኪና ላይ ነው። የድግሱ ባለቤቶች በእግር ሰው ላኩበት። የተላኩት ሰዎች የተናገሩትን ካምዴም ለማንም አልደገመም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካምዴም ኮፍያውን አውልቆ ወደ ማ ፐርፔቱዋ መጣ።

«ማ፣ ይሄ እኮ ዝናብ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ጉም ነው። ትንፋሽ በይው።»

«የመኪናህ መጥረጊያ እየሠራ አይደል እንዴ?»

ካምዴም ዞሮ አየ። መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል። «እሱ... ረስቼው ነው።»

«ሂድና አጥፋው። ከዚያ መስታወቱ ላይ ምንም ካልወረደ ደብተሩ ላይ እጽፍልሃለሁ።»

አጠፋው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መስታወቱ ለበሰ። ከኋላ የተሰለፉት ሳቁበት።

«እሺ፣ ተረከዝሽስ?» አለ ካምዴም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት በተረከዝሽ ቢሆን ኖሮ ከሰዓት በኋላ ታሳልፊን ነበር አይደል?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀላል ቀላሉን አሳልፍ ነበር።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ተረከዜን ከሰሳችሁት፤ ፍርድ እየጠበቀ ነው።»

«አኩርፈሽ ነው እንዴ?»

«ላኩርፍ? ሥራዬን ልጣ እንዴ አንተ ልጅ? ኢንጂነሩ አራት ሰዓት አለኝ፣ አራት ሰዓት አደርጋለሁ። ይልቅ ፉፉው ሳያልቅ ብላ።»

ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሰዓቱ ምስማሩ ላይ ሲቆጥር ማ ፐርፔቱዋ እንቅልፍ አልነበራትም። ቀድማ ብትከፍት ትባረራለች፤ አራት ደረቅ ሰዓት አልፎ ዘግታ ብትቆይም ትባረራለች። ስለዚህ እጇን ከኬላው መጠለያ ጣሪያ ውጭ ዘርግታ ትቀመጣለች፣ የረጠበ እንደሆነ ትጽፋለች። ከኬላው ሌላ የምታውቀው ሥራ የበቆሎ ማሳ ነው፤ ማሳው ደግሞ የባሏ ወንድሞች እጅ ገብቷል።

ሐሙስ ጠዋት ኢንጂነር ዳይሩ ራሱ መጣ፤ በገልባጭ መኪና፣ ከኋላው ረጅም የብረት ምላጭ ጭኖ። ግሬደሩ ከኬላው ወዲያ፣ ምባንዳር መውጫ ላይ ቆሟል። የግሬደሩ ነጂ ፓ ዊርባ «ምላጩ አልቆ መንገዱን እየላስኩ ነው እንጂ እየጠረግኩ አይደለም» ብሎ ልኳል። ምላጩ ለኢንጂነሩ ላንድሮቨር ስለረዘመ ነው በገልባጭ የመጣው።

«ይክፈቱልኝ» አለ ኢንጂነሩ ከመኪናው ሳይወርድ።

ማ ፐርፔቱዋ ደብተሩን አምጥታ በመስኮቱ ሰጠችው። «አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አቁሟል። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ እከፍታለሁ። እስከዚያ ካልጀመረ።»

«የመምሪያው መኪና እኮ ነው።»

«አየሁት። ስንት ቶን ነው?»

ኢንጂነሩ ወደ ጭነቱ ዞር ብሎ አየ። የሚመዝነውን ያውቀዋል። «እኔ አዝዤዎታለሁ።»

«እሺ ጌታዬ። አራት ሰዓቱ ሳይሞላ እንድትከፍት አዝዣለሁ ብለው እዚሁ ላይ ይጻፉና ይፈርሙ።»

ኢንጂነሩ ብዕሩን አወጣ። መመሪያውን በፊርማው ለክፍለ ሀገሩ የላከው እሱ ነው። ደብተሩን መለሰላትና ወርዶ ጣሪያው ሥር ተቀመጠ። እህቷ ፉፉ አቀረበችለት፤ በላ። ካምዴምና አሥራ ስድስቱ ሾፌሮች በሩቅ ሆነው እንደ እግር ኳስ ጨዋታ ያዩታል። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል። አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የኢንጂነሩ መነጽር ነጠብጣብ ጀመረው። አውልቆ ጠረገው፤ መልሶ ነጠበበት።

«ይሄ አሁን ዝናብ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«እርስዎ ይንገሩኝ» አለች ማ ፐርፔቱዋ ብዕሯን ይዛ።

አንድ ሾፌር ከኋላ «ነሐሴ የትም ነሐሴ ነው» አለ። ኢንጂነሩ ሰዓቱን ያመጣ ጠዋት አጠገባቸው ቆሞ ሰምቶ ኖሯል። ኢንጂነሩ ዞሮ ሊቆጣ ነበር፤ ራሱም ሳቀ።

«ነሐሴን አላውቀውም ነበር» አለ። «በሉ ተረከዙን ያሳዩኝ።»

ወረዱ። ሾፌሮቹ ሁሉ ተከተሉ። ኢንጂነሩ ግን ቀድሞ ራሱ ሊሞክር ፈለገ። በአንድ እግሩ ቆመ፣ ተረከዙን ተጫነ፣ አነሳ። ትንሽ ጉድጓድ፤ ውሃ የለም፤ ጠርዙ የደረቀ ይመስላል።

«ሁሉም ያልፋል» አለ።

ማ ፐርፔቱዋ ከአጠገቡ ቆመችና ተረከዟን ጣለች። ጉድጓዱ ጠለቅ አለ። ጠርዙ አብለጨለጨ፤ ውሃ ግን አላቀረረም። «ቀላል ብቻ» አለች። «የእርስዎ መኪና ምላጩን ብቻ ስለጫነ ያልፋል። ቢራው እስከ ነገ ይቆያል።»

ኢንጂነሩ ሁለቱን ጉድጓዶች ተንበርክኮ አያቸው። በጣቱ ለካቸው። ሲነሳ ጉልበቱ ቀይ ሆኖ ነበር።

«ልዩነቱ ክብደት ነው» አለ። «እኔ ብሆን ኖሮ አሥራ ሰባት መኪና ገደል እሰድ ነበር። መንገዱን የሚለካው ክብደትዎ ነው።» ከዚያ የሰው ፊት አላየም፤ ሒሳቡን ብቻ ነበር ያየው። «ስንት ኪሎ ነዎት?»

ሾፌሮቹ ሁሉ ወደ ማ ፐርፔቱዋ ዞሩ።

«ተረከዜ ላይ አልተጻፈም» አለች።

«ማ፣ ይረዱኝ። በቁጥር ካልጻፍኩ ክፍለ ሀገሩ አይቀበለውም። ካልተቀበለው ያው አራት ሰዓቱ ይጸናል፤ ክሱም እንዳለ ነው።»

«ሰባ ብለው ይጻፉ» አለች ትንሽ አስባ።

ካምዴም ሳል ያዘው።

«ሰባ ብዬ ብጽፍ በየኬላው ሰባ ኪሎ የሆነ ሰው እያቆሙ መንገዱ ሳይደርቅ ይከፍታሉ» አለ ኢንጂነሩ።

ማ ፐርፔቱዋ አጣናውን አየች፣ የተሰለፈውን መኪና አየች። ከዚያ የቡና ማኅበሩን መጋዘን አየች፤ ከኬላው መቶ ሜትር ላይ ነው። በነሐሴ ቡና የለም፤ ሚዛኑ በቆሎና ባቄላ ይመዝናል።

«እሺ» አለች። «ግን እነዚህ ዱርዬዎች ፊታቸውን ያዙሩ።»

ሄዱ። አሥራ ሰባቱም ሾፌሮች መጋዘኑ በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተሰለፉ። ኢንጂነሩም ለጨዋነት ዞረ። ማ ፐርፔቱዋ ከነቦቷ ሚዛኑ ላይ ወጣች። መዛኙ ፓ ንጎራን ብረቶቹን ጨማመረ፣ ቀነሰ፣ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ፦

«ዘጠና አራትትት!»

ፓ ንጎራን ሃያ ዓመት ሙሉ የእያንዳንዱን ገበሬ ጆንያ ክብደት ሲጮህ ኖሯል፤ ከሰልፉ መጨረሻ ያለው ሳይቀር እንዲሰማ፣ ማንም ተሰረቅሁ እንዳይል። ዝግ ባለ ድምፅ መመዘን የሚባል ነገር አያውቅም። ድምፁ ቁልቁለቱን ወርዶ ገበያው ድረስ ተሰማ። ሾፌሮቹ ሳይዞሩ አጨበጨቡ።

«ከነቦቴ ነው» አለች ማ ፐርፔቱዋ።

«ከነቦትዎ ብዬ ነው የምጽፈው» አለ ኢንጂነሩ። እየጻፈ ነበር።

ተመልሳ አጣናውን አነሳች፤ ምላጩ አለፈ። ማታ ፓ ዊርባ ምላጩን አስሮ በነጋታው ሥራ ጀመረ። ካምዴም አደረ። ዓርብ ጠዋት የተረከዟ ጉድጓድ ጠርዝ ሲፈረፈር አሳለፈችው፤ ድግሱም በአንድ ቀን ዘግይቶ ሞቅ አለ። ከመሄዱ በፊት ካምዴም ለመምሪያው ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ፣ የመጀመሪያው ስህተት መሆኑን የሚገልጽ። በዚህኛው ላይ አሥራ ሰባት ፊርማ ነበረበት፤ ሁሉም አንብበው ነው የፈረሙት።

መመሪያው በመስከረም ወጣ። የመንገዱ መድረቅ የሚለካው ዘጠና አራት ኪሎ በሚመዝን ሰው ተረከዝ ነው፤ ክብደቱ ከዚያ ያነሰ ኬላ ጠባቂ ልዩነቱን ተሸክሞ ይቆማል። የሥራው መዝገብ ላይ የማ ፐርፔቱዋ ስም እንዳለ ቀረ።

የምባንዳሩ ኬላ ጠባቂ ፓ ታታ የሚባል ከሲታ ሽማግሌ ነው፤ አምሳ ስምንት ኪሎ። መንገድ በሚለካ ቁጥር ሠላሳ ስድስት ኪሎ አሸዋ በጆንያ ትከሻው ላይ ያወጣል። ጥቅምት ላይ በካምዴም በኩል ለማ ፐርፔቱዋ መልእክት ላከ፦ «ትንሽ ብትጾሚልኝ ምን አለበት?»

ማ ፐርፔቱዋ ከእህቷ ድስት አንድ ትልቅ ሳህን አስሞልታ ለካምዴም በመስኮቱ አቀበለችው።

«ይህን ስጠው። በወር አንድ ኪሎ ቢጨምር በሦስት ዓመት ጆንያውን ይጥላል በለው።»

ካምዴም ምባንዳር ሳይደርስ ግማሹን በላው።