ለጊዜው የታሰረ ሽቦ

ጋሽ ለጊዜው የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። በስልክ መሥሪያ ቤቱ የምዕራብ ቅርንጫፍ ሠላሳ አንድ ዓመት መስመር ሲጠግኑ ኖረዋል። የደንበኛ ስልክ በተበላሸ ቁጥር መንገድ ዳር የቆመውን የብረት ሣጥን ይከፍታሉ፤ የታመመውን ሽቦ ይፈቱና ሥራ ፈት የሆነ ጤነኛ ሽቦ ፈልገው ያስራሉ። ከዚያ ሣጥኑን በጉልበታቸው ገፋ አድርገው እየዘጉ፣ «ለጊዜው ይሁን፤ በኋላ መዝገብ ላይ እናሰፍረዋለን» ይላሉ። ያ በኋላ የተባለው ቀን ደርሶ አያውቅም። የቅርንጫፉ ጠጋኞች ሁሉ ሥራውን ከእሳቸው ስለተማሩ፣ ይህንኑም አብረው ተማሩ።

በደጉ ዘመን ነገሩ ማንንም የጎዳ አይመስልም ነበር። ያኔ ሰው ስልክ ለማስገባት አራትና አምስት ዓመት ወረፋ ይጠብቃል። ጠጋኝ መሰላሉን ተሸክሞ ብቅ ሲል ውሻ ይታሰርለታል፣ ወንበር ይወጣለታል። የትኛው ሽቦ የማን እንደሆነ ለማወቅ መዝገብ የሚገልጥ አልነበረም፤ ጋሽ ለጊዜውን መጠየቅ ይበቃል። አሥራ ሰባቱም ሣጥኖች በጭንቅላታቸው ውስጥ ነበሩ። ስለዚህም በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ከሦስት ቀን የበለጠ ፈቃድ ወስደው አያውቁም። በአራተኛው ቀን የቤታቸው ስልክ ይጮሃል፦ «ጋሼ፣ ሣጥን ስድስት ግራ ገባን!» እሳቸውም በአፋቸው እየተነጫነጩ፣ በሆዳቸው ደስ እያላቸው ጫማቸውን ያጠልቃሉ።

ዘመን ተለወጠና ሰው ሁሉ የኪስ ስልክ ያዘ። የመሥሪያ ቤቱ ደንበኛ እንደ በጋ ጅረት እየሳሳ ሄደ። የቀሩት ክሊኒኮች፣ ሱቆች፣ ኢንተርኔት በቤት መስመር የሚፈልጉና አዛውንቶች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ከአቤቱታ መስኮቱ አይጠፉም። በመጨረሻ ከበላይ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ወረደ። ከመሥሪያ ቤቱ አራት ቅርንጫፎች መካከል እስከ ስድስት ወር ድረስ ብልሽትን በሁለት ቀን ውስጥ መጠገን ያልቻለ ይዘጋል፤ ሠራተኛውም ይበተናል። በምዕራብ ቅርንጫፍ አንድ ብልሽት የሚጠገነው በአማካይ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር።

አዲስ ኃላፊ ሆና የተላከችው ኢንጂነር ንግግሯ አጭር፣ እርምጃዋ ረጅም ነው። ጠረጴዛዋን ከላይኛው ፎቅ አስወርዳ ከጠጋኞቹ ክፍል ጎን አስቀመጠች። የቆየውንም መዝገብ ኮምፒውተር ላይ አስገለበጠችና፣ ባለቤቶቻቸው ከለቀቋቸው ቤቶች ሽቦ እየተፈታ ስልኩ ለተበላሸበት ደንበኛ እንዲሰጥ አዘዘች። በመጀመሪያው ቀን የባዶ ቤት ነው የተባለ ሽቦ ሲፈታ የዳቦ ቤቱ ስልክ ተቋረጠ። በሁለተኛው ቀን የፖሊስ ጣቢያው። በሦስተኛው ቀን የራሷ የኢንጂነሯ የቢሮ ስልክ ጭጭ አለ።

«በዚህ መዝገብ መሥራት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» አለች ሠራተኛውን ሰብስባ። «ሽቦውን ያዘዋወረ ሰው አለ። ማነው?»

ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ጉልበቱ እምቢ ብሎት ከጥገና ወደ ብልሽት መቀበያው ስልክ የተዛወረ፣ በቁመቱ የተነሳ «መሰላሉ» የሚሉት ባልደረባቸው ጋሽ ለጊዜውን በክርኑ ጎሸም አደረጋቸው።

«አደራህን ዝም በል» አለ በሹክሹክታ። «ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት ቀርቶሃል። በጭንቅላትህ ያለውን ከሰጠሃት ነገ ለምን ትፈልግሃለች? ከራስ በላይ ነፋስ!»

ጋሽ ለጊዜውም እንደ ሌሎቹ ጣሪያውን አዩ። ለምሳ ቤት ሲገቡ ግን እየቆረሱ የሆነውን ተናገሩ። ባለቤታቸው ሸሚዝ እየተኮሱ ነገሩን ሁሉ ሰሙ።

«እና ምን አልካት?»

«ምን እላለሁ? ዝም አልኩ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'ያለ እኔ አይሆንላቸውም' ስትል ሰማሁህ።»

«ታዲያ ውሸት ነው?»

«እውነት ነው እንጂ። ስትሞትስ? ሣጥኖቹን አብረን እንቅበርልህ?»

«አታሟርቺ ሴትዮ!»

«መጠየቄ ነው። ቅርንጫፉ ከተዘጋማ ጭንቅላትህ ውስጥ የቀረው የምን ሽቦ ነው? የሌለ ስልክ ሽቦ!» አሉና ካውያውን አገላበጡት።

ጋሽ ለጊዜው ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

«ያዘዋወርኩት እኔ ነኝ» አሏት ኢንጂነሯን፣ በሩ ላይ እንደቆሙ። «ሌሎቹ ያዘዋወሩትንም ቢሆን ያስተማርኩ እኔው ነኝ።»

«ስንት ሽቦ ይሆናል?»

«ስምንት መቶ። ዘጠኝ መቶ ነው ብትይኝም አልጣላሽም።»

ኢንጂነሯ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ጋሼ፣ ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም ሲባል አልሰሙም?»

«ሞኙ ራሱ ቢነቅለውስ?»

መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ሳቋ ቀደማት። በማግስቱ እሷ ደብተር፣ እሳቸው መሞከሪያ ስልካቸውን ይዘው ከሣጥን አንድ ጀመሩ። እሳቸው ሽቦውን በጣታቸው እየነኩ ይጠራሉ፦ «ይሄ የጥርስ ሐኪሙ። ይሄ ደግሞ የዚያ የነገረኛው ልብስ ሰፊ። ይሄ ባዶ ነው።» እሷም ትጽፋለች። አንዱ ሣጥን ሲያልቅ ዝርዝሩ በካርድ ላይ ተገልብጦ በሩ ላይ ከውስጥ ይለጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ካርዱን ሳያርሙ ሽቦ መንካት ተከለከለ።

ሣጥን ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ግን የጋሽ ለጊዜው ጣት ቆመ።

«አርባ ሦስት የማን ነው?» አለች ኢንጂነሯ። «ጋሼ?»

«የክሊኒኩ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ግን የክሊኒኩ አልነበረም።»

ከስድስት ዓመት በፊት በክረምት የክሊኒኩ መስመር ውሃ ገብቶበት ነበር። ትርፍ ሽቦ ጠፋ። ክሊኒክ ያለ ስልክ አያድርምና፣ ብዙ አይደውሉም ብለው ከገመቷቸው ከአንዲት ጡረተኛ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ላይ ፈትተው ሰጡት፤ ለጊዜው፣ እስከ ሰኞ ድረስ። ሰኞ ዕለት ሌላ ሰፈር ጎርፍ ምሰሶ ጣለና ወደዚያ ተላኩ፤ በዚያው ተረሳ፤ የዳይሬክተሯም ቁጥር ሽቦ አልባ ሆኖ ቀረ። ዳይሬክተሯ ሦስት ጊዜ አመለከቱ። የመሥሪያ ቤቱ መስመር መሞከሪያ ማዕከል መዝገቡን አይቶ አርባ ሦስተኛውን ሽቦ ይሞክራል፤ ሽቦው ጥርት ያለ ነው፤ የክሊኒኩ ነዋ! ስለዚህ «መስመርዎ ደህና ነው» የሚል ወረቀት ይጻፍላቸዋል።

ጋሽ ለጊዜው ትርፍ ሽቦ አስረው ወደ ዳይሬክተሯ ቤት ብቻቸውን ሄዱ። ስልኩ መደርደሪያው ላይ አቧራው ተወልውሎ ተቀምጧል። ጥፋታቸውን አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። አሮጊቷ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋቸው።

«መንግሥት ደህና ነው ካለ ደህና ነው ብዬ ተቀመጥሁ» አሉ። «የቀድሞ ተማሪዎቼ ሲደውሉ እነሱ ጋ ይጠራል አሉ፤ የማነሳ ግን የለሁም። አንዷ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ 'እትዬ፣ ተቀይመውን ነው?' አለችኝ።»

ጋሽ ለጊዜው ወደ መደርደሪያው ሄዱ። እጀታውን አንሥተው ድምፁን ሰሙና አቀበሏቸው። «ይደውሉ፤ ይሞክሩት እስቲ።»

አሮጊቷ ቁጥሩን ሳያዩ በቃላቸው መቱ። ከወዲያ ማዶ የመሰላሉ ድምፅ ተሰማ፦ «ብልሽት መቀበያ!»

«ከስድስት ዓመት በፊት አመልክቼ ነበር» አሉ ዳይሬክተሯ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ። «ተሠርቷልና ሰርዙልኝ። ለተማሪ ቢሆን ዜሮ ነበር የምሰጠው።»

በአምስተኛው ወር መጨረሻ የቅርንጫፉ ብልሽት በአንድ ቀን ተኩል ይጠገን ጀመር። በስድስተኛው ወር አይዘጋም የሚል ደብዳቤ መጣ፤ ከደንበኞችም የተመለሱ ነበሩ። ኢንጂነሯ ጋሽ ለጊዜውን ጠርታ የተጠራቀመ ፈቃዳቸውን ፈረመችላቸው፦ አንድ ወር ሙሉ።

በመጀመሪያው ቀን የቤታቸውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀቡ። በሁለተኛው ቀን የተወላገደ ወንበር አቃኑ። በሦስተኛው ቀን የሚሠራ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ቁርሳቸውን በልተው ከስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። ረፋዱ አለፈ፤ ቀትር ሆነ።

«አልደወሉም?» አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ።

«አልደወሉም።»

ጥቂት ቆይተው እጀታውን አነሡና ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። መስመሩ ደህና ነበር። ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡትና፣ «ነይ እስቲ፣ ወጣ ብለን እንመለስ» አሉ፤ ጫማቸውንም አጠለቁ።